የጆንያው ክብደት

ደብረ ብርሃን፣ ብሎክ ዐሥራ አራት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ብርዱ እንደ አከራይ ሳያንኳኳ ሲገባ፣ ሰው አለ የለም ሳያይ፣
እኔ ነበርኩ የዶርሙ ሒሳብ አዋቂ፣
የስድስት ሰው ዕጣ ፈንታ በእርሳስ አርቃቂ።
የካልኩሌተሬ ሰባት ቁጥር ከተነቀለ ቆየ፤
“ስምንት ንካና አንድ ቀንስ” ይለኛል ያየ።

ወንድይፍራው መጣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣
ከፋብሪካው በር ላይ በቅናሽ የገዛው፣ ጠርዙ ተሸብሽቦ።
“ያለፈው ይኸውልህ፤
ሠላሳ ክሬዲት፣ አንድ ነጥብ ዘጠኝ።
የማስጠንቀቂያው ወረቀት ትራሴ ሥር ነው።
በዚህኛው ሁለት ካልሞላሁ…”
ቀሪውን አልጨረሰው።

ደመርኩ፣ አባዛሁ፣ አካፈልኩ መልሼ፣
ባሮጌ ፈተና ጀርባ፣ ጣቴን እያሞቅሁ በገዛ ትንፋሼ።
ዐሥራ ስድስት ክሬዲት ይዟል ይኼ መንፈቅ፣
ሠላሳ አምስት ነጥብ ከሞላ አይወድቅ።
“ማቲማቲክስን በሲ ያዛት፣ ከዚያ በላይ የለም።”
አራት ጊዜ ሁለት፣ ስምንት። አልከፋንም።
ስፖርትማ ቢሆን! ከጠባሴ በሌሊት
ሮጦ ሲመለስ ነው እኛ የምንነቃበት፤
ግን ስፖርት “አልፏል” ብቻ ነው፣ ክሬዲትም የለው፣
ከድምሩ ውጭ ቆሞ የሚያጨበጭብ ነው።

የቀሩት አራቱ፣ ሦስት ሦስት ክሬዲት፤
ሦስቱን በሲ አልፎ፣ አንዷን ቢ ካገኘባት…
“አንድ ቢ፣ አንድ ብቻ!” አልኩና አሰመርኩባት።
“የትኛዋን?” አለኝ። ስማቸውን አየን፣
እንደ ሚዜ መራጭ አንዷን ንቀን፣ አንዷን ፈርተን።
“ጂኦግራፊን” አለ በመጨረሻ፣
“የጣርማ በርን ጉም ከጠየቁኝማ አለኝ መመለሻ።”

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺ ቢ ካልጋው ራስጌ ተለጥፋ ከረመች፤
ሲያነብ ስታየው አመሸች፣
ሲተኛ አልተኛች።

ውጤት ወጣ።
በተሰነጠቀ የስልክ መስተዋት ሥር
ሲ፣ ሲ፣ ሲ፣ ሲ፣ ልክ እንዳልነው።
ቢዋም መጥታለች፤
ግን ካጠገቧ አንዲት ጭረት አለች።

ጭረቷን አላሰብኳትም።
ሩብ ነጥብ፣ ሦስት ጊዜ። ሰባ አምስት ሳንቲም በሏት።
ደግሜ አካፈልኩ፤ አንድ ነጥብ ዘጠና ስምንት።
ካልኩሌተሩ ሰባት ባይኖረውም
በዚህስ ጥፋት የለበትም።

ማታ አባቱ ደወሉ ከመሐል ሜዳ፣
እህል ተራ ሚዛን የሚይዙት።
ዶርሙ ሁሉ ይሰማል፤ የስልኩ ጆሮ ተበላሽቶ
በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው የሚያወራው።
“ስንት ጎደለህ?”
“ሁለት መቶኛ።”
“እሱ አይገባኝም። በኩንታል ስንት ይሆናል?”
ወንድይፍራው ወደ እኔ ዞረ።
አሁንም ሒሳቡ የኔ ነው፤
ጣቴ ቁጥሩን አጣው፣ መልሼ አገኘሁት።
“አንድ ኪሎ አይሞላም፣ አባባ።”

ነፋስ ተሰማ፤ ከዚያ ይሁን ከዚህ አላወቅንም።
“አንድ ኪሎማ” አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ገብስ እንደሚሰፍር ሰው፣
“እኔ ሁልጊዜ ለገበሬው የምተወው ነው።
እስቲ ጠይቁልኝ ልጆቼ፣
ጆንያውን ቀንሰው ነው እንዴ የመዘኑት?”

ማንም አልመለሰም።
ወንድይፍራው ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ፤
ጠርዝና ጠርዙ አልገጥም አለው።