ፈንታ

ወፍጮዬ ሉማሜ፣ ከገበያው በላይ፣
ቀን ሙሉ ያጓራል ጭሱን ሰዶ ሰማይ፤
ግራ ጆሮዬንም አላምጦ ጨረሰው፣
በቀኙ ነው አሁን የማዳምጠው ሰው።
አልቆጭም። መርጬ ነው
ከአባቴ ጉባኤ ሌሊት የወጣሁት፣
ደበሎዬን ጥዬ ናፍጣ የሸተትሁት።

ለሰው ሲናገሩ፣ "ወንበር በዕውቀት እንጂ በደም አይወረስም"፤
ለእናቴ ግን ማታ፣ "ይሄ ልጅ ካልያዘው…"
ያችን አይጨርሷትም።
ሲሞቱም ወንበሩን የሩቅ ሰው ወረሰው፤
እኔ ያን ቀን ጤፍ ነበር የምፈጨው።

በሕይወታቸው አንዴ ነው ደጄን የረገጡ፤
ልጄ ክርስትና የምትነሣ ለት መጡ።
የጋቢያቸውን ዱቄት በጣት እያራገፉ
ስም አወጡላትና ሳይቀመጡ አለፉ።
"ፈንታነሽ" አሏት።
በፊቷ ወንድ ልጅ ሞቶብን ነበርና
"አሜን" አልን ሁላችን፣ የገባን መሰለና።

ፈንታነሽ አደገች በጆንያ መካከል፣
ሽፋሽፍቷ ነጥቶ፣ ሚዛን ላይ ስትንጠለጠል።
ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ ፋርማሲ ደረሳት።
እኔ ምን አልሠራሁ!
ጎን ያለችውን ክፍል ነጭ ቀለም ቀባኋት፤
መደርደሪያ አስመታሁ ከወለል እስከ ጣራ፣
የመስታወቱን በር ከደጀን አስመጣሁ፣ በአይሱዙ፣ በአደራ።
"ፈንታ መድኃኒት ቤት" ብዬ አጻፍሁላት፣
በቀይ፣ ልትመረቅ ሁለት ዓመት ሲቀራት።

በጥቅምት ደወለች። ሞተሩን አጠፋሁ።
"አባዬ፣ ትምህርቱን ተውሁት። ዲማ ገባሁ፤
ቅኔ ቤት።"
በግራ ጆሮዬ ይዤ ይሆናል አልሁና
ስልኩን ወደ ቀኜ አዞርሁት እንደገና።
"ዲማ ነኝ" አለች ደግማ።

ባለቤቴ ዝማም ሳቀች፤ ምን ያሥቃታል!
"ሌሊት መውጣት" አለች፣ "ከሰው ይወረሳል።"

በነጋው ተነሣሁ፤ ቢቸና፣ ከቢቸና በባጃጅ፣
መንገዱን በሙሉ ስድቤን ሳዘጋጅ፦
"ሦስት ዓመት ሙሉ! ያ ሁሉ መደርደሪያ!
ሴት ልጅ ቆሎ ተማሪ! የገበያ ማውሪያ!
ለዘር ያስቀመጥሁት ገለባ ሆነ!"
ይችን ሳሳምራት ጉሮሮዬ ተደፈነ።
የኔ አይደለም ቃሉ።
አባቴ ያሉት ነው፣ እኔ የወጣሁ ለት፣
እናቴ ቆይታ ሹክ ያለችኝ በሌላ ሌሊት።

ከዋንዛው ሥር ነበረች፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣
ጣቷን አጥፋ ዘርግታ፣ ቃል በቃል ላይ ስትገነባ።
አላየችኝም።
መምህሩ ጠሯት። ተነሣች።
ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ።
የፊተኛው ሄደ እንደ ሠርገኛ በቅሎ፣
የኋለኛው ላይ ግን አንድ ቃል ጎረበጠ፣ ጠጠር ከጤፍ ተቀላቅሎ።
መምህሩ እጃቸውን ሳያነሡ ገና
ከአጥሩ ሥር አንድ ሰው ቃሉን አቀና።
ጉባኤው ዞረ።
እኔ ነበርሁ።

"ማን ልበል?" አሉኝ።
"የፈንታነሽ አባት" ልል ነበር፤
ስሟ ለሁለት ተከካ፣ አፌ ውስጥ፣ እንደ አተር።
ሰሙ፣ የሞተው ልጄ።
ወርቁ ከአጥሩ ሥር ቆሟል፣
ጋቢው ዱቄት ለብሷል።

ታርቀናል አልልም።
ነጩ ክፍል እንዳለ ነው፤ ጽሑፉም አልተፋቀ፤
የራስ ምታት ኪኒን ስንቱ ሰው ጠየቀ!
"የለም" እላለሁ። "መቼ ይመጣል?" ይላሉ።
ዝም ስል ጊዜ ቁናቸውን ይዘው ይሄዳሉ።
አንዳንድ ማታ የመስታወቱን በር ስወለውል
ነጭ ጋዋን ለብሳ ውስጥ የቆመች ይመስላል።

ቅዳሜ ግን፣ ገበያው ሲደራ፣ ስልኩ ሲጮህ፣
ሞተሩን አጠፋለሁ፤
ቀኝ ጆሮዬን እሰጣታለሁ።
ባለ እህሉ ይቆጣል፦ "ኧረ ሰውዬ፣ መሸብን!"
ይምሽ።
አንድ ቃል ጎርብጦኛል።