ወደብ ላይ ደህና ነው

ወደብ ላይ ደህና ነው፣ ቦግ ብሎ ይበራል፣
ቺዙኮ ስታየው ጨዋ ልጅ ይመስላል፤
ከሃኮዳቴ ሲርቅ፣ ሞተሩ ሲግል ግን
ድርግም! — ስኩዊዱም ይሰወራል ካይን።

«ሃያ ደቂቃ ያበራና ያሾፍብኛል»
አለ ዓሣ አጥማጁ ቶኩጂ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ቮልቱን ለካች፦ ልክ ነው።
ደግማ ለካች፦ ልክ።

ፀጉር ማድረቂያዋን ከቤት አመጣች፣
የኤልኢዲውን ሰርኪዩት እንደ ሕፃን ራስ አሞቀች፤
ምሳ በበላችበት ቀጭን እንጨት
እግር በእግር ነካ ነካ አድርጋ
ከኮይሉ ሥር ስትደርስ —
ድርግም።
አገኘሁህ!

ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፦
ሲበርዱ ተጨባብጠው፣ ሲግሉ ተኮራርፈው
የሚኖሩ መዳብና ቆርቆሮ።
በየደቻቸው። አስታረቀቻቸው።

ማታ በረዶው ውስጥ ቆማ
የአድማሱን ነጭ ነጥብ እያየች ትቆጥራለች፦
አሥራ ዘጠኝ... ሃያ...
ሃያ አንድ።
የራሰ ፀጉሯን ልታደርቅ ገባች።