አንድ ሜትር

አባቴ ሮብሌ አንድ ነገር ሲለካ፣
በክንድ በስንዝር አልነበረም ለካ።
ከሐዲድ እስከ ሐዲድ፣ ልክ አንድ ሜትር፤
በዚያው ተቆረጠ አልጋችን፣ የቤት በር።
«አንድ ሌሊት» ትላለች እናቴ ስትቀልድ፣
«መስመር የሳተ እንደሁ በአልጋዬ ነው 'ሚሄድ።»

የአቴልዬው ጡሩምባ ማለዳ ሲያጓራ፣
ከደቻቱ ማዶ እስከዚህ ከዚራ፣
የዳቦ ቤት ምድጃ፣ የትምህርት ቤት በር
እኩል ይከፈታል፤
ሰዓት የሌለው ሰው ሰዓት ይሞላ ነበር።
እምቢ ያለ ሞተር፣ ልቡ የደነደነ፣
ባራት ቋንቋ ተሰድቦ ባምስተኛው አመነ።

ደወሌ ላይ ቀጭን፣ ሸንበቆ ፈቲያ፣
ሽንሌ ላይ ወፍራለች ከሆድ እስከ ጉያ፤
ባንድ ገላ ላይ ነው ሰባት ሺፎን ልብሱ፤
«ስንተኛ ወርሽ ነው?» ሲላት ፊናንሱ፣
«መንታ ናቸው፣ ቀስ በል! ተኝተዋል እነሱ።»
አባቴ ይህን አይቷል፤ አላየሁም ብሏል፤
ፋኖሱን ወደ ሌላው ፉርጎ አዙሯል።

የመስመር ዘበኛ፣ ሠላሳ ዓመት ሄዶ
በሐዲዱ ርብራብ፣ እርምጃው አጠረ፤
መጋላ ገበያ፣ ሜዳ ላይም ወርዶ
ከርብራብ ርብራብ እየተሻገረ፣
አንድም አይዘልም፤
የሌለ ሐዲድ ላይ ይሄዳል፣ አይስትም።

ማንም አልነገረን። አንድ ቀን ረፈደ፤
ጡሩምባው ሳይጮኽ ፀሐይ ሽቅብ ሄደ፤
ዳቦ ጋጋሪውም ዳቦ አነደደ።
ሐዲዱ መሐል ፍየል ተኝታ አመሰኳች፤
የባጃጅ ጎማ ገባ፣
ተቀረቀረች፣ ጮኸች።

አዲስ መጣ ተባለ፣ ከከተማው ርቆ፣
በመልካ ጀብዱ በኩል፣ በኤሌክትሪክ ደምቆ።
አባቴ ሊያይ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።
ጎንበስ ብሎ ለካ፤
አንድ ሜትር ሞላ፤
ሌላው ብረት ገና አልደረሰም ለካ።
የቀረውን በእጁ፦ አንድ ስንዝር… ሁለት…
ያኔ ነው ጣቶቹን ሲንቀጠቀጡ ያየሁት።

ማታ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ከአልጋው ጠርዝ ላይ፣
«እንግዲህ» አለ፣ «መስመር ቢስት እንኳ
በዚህ አልጋ አይሄድም።»
እናቴ አልሳቀችም።
ወደ ግድግዳው ተጠጋች፣
ሁለት ስንዝር ያህል።