ማስረሻ

ኅዳር ዐሥራ ሁለት፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ መሸ፤
ከብሎክ ሠላሳ ዘጠኝ ጀርባ ጭስ ተነሣ፣ ነፋስ ገፋው፣ ሸሸ።
ልጆቹ የሰበሰቡት ካርቶን፣ ገለባ፣ አንድ እግር አሮጌ ጫማ
ተያይዞ ይነድዳል፤ ሽታው ወጣ እስከ አራተኛ ፎቅ፣ እስከ እኔ ማማ።
ኮሚቴው በሩ ላይ ለጥፎ ነበር፣ ባለ ማኅተም ማስታወቂያ፦
«በግቢው ውስጥ ቆሻሻ ማቃጠል ክልክል ነው!»
እሱንም ገነጠሉት፤ ሆነላቸው መቀጣጠያ።

እኔ መጽሐፍ ይዣለሁ፤
ጀርባው የተላጠ፣ ከሸራ ላይ ያነሣሁት፣ ተከራክሬ በመቶ ሰማንያ ብር፤
ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፣
ስለ ኅዳር በሽታ፣ ዐሥራ አንድ መስመር።
ሺህ የሚል ቁጥር፣ ቀጥሎ «ሞቱ»፣ ቀጥሎ አራት ነጥብ፤
ከዚያ አዲስ ንዑስ ርዕስ፦ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ገንዘብ።
አልፈርድበትም። መጽሐፍ ምን ያድርግ?
እንደ እኔ ነው የሚያየው፣ ከአራተኛ ፎቅ፤
ጭሱን ያያል፣
ጫማው የማን እንደነበር አያውቅ።

አያቴ ማስረሻ ይባል ነበር።
የተወለደው ከበሽታው በኋላ ነው፣ በማግስቱ ዓመት፤
እናቱ ሦስት ልጅ በአንድ ሳምንት ቀብራ፣ ቀብራ እንኳ አይባልም፣
እሷም ወድቃ ነበር፣ ማን እንደቀበራቸው አታውቅም፤
አንድ ሲሰጣት፣ «ይህ ያስረሳኝ» ብላ ስም አወጣችለት።

የሦስቱን ስም ግን ያውቅ ነበር።
ቃሊቲ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ፀሐይ እየሞቅን ነገረኝ፤
አስካለ አለ፤
ሁለቱን ሳይጨርስ ልጆች ኳስ ይዘው ጠሩኝ።
ሮጥኩ።
ባንክ ስሄድ፣ ወረዳ ስሄድ፣ «ስም? የአባት? የአያት?» ሲሉኝ
ሦስተኛው ሳጥን ላይ ስደርስ
እስክሪብቶው ትንሽ ቆም ይላል፤ ሠልፈኞቹ ከኋላ ያዩኛል።

ደግሞ አንድ ነገር፤ በዚህ ቀን ሁሉም ሲያነድ፣
እሱ በጣሳ ውኃ ቀድቶ ያስቀምጥ ነበር፣ ከበራችን ውጭ፣ መንገድ።
እሳቱ እንዳይዛመት ይመስለን ነበር።
ግን ማንም አያፈሰውም፤ እዚያው ያድር ነበር።

ወረድኩ። ጋሽ ቶሎሳ፣ ዘበኛችን፣ ካፖርቱን ደርቦ
እሳቱን ያያል፤ ማጥፋት ሥራው ነው፣ ግን ይሞቃል ቀርቦ።
«ይህ ሁሉ ጓያ ነበር» አለኝ፣ በዱላው መኪኖቹን እያሳየ፤
«የአንተ ብሎክ ያለበት ሽምብራ። እንዲህ የሚያሸት ጭስ ማን አየ!
አባቴ ከአባቱ የሰማው ነው፤
በዚያ ኅዳር የከተማው ሰው ሲሸሽ በዚህ በኩል አለፈ፤
ያስላሉ። የእኛ ሰው ፈራ፣ ደጁን ዘጋ፣ አጥሩን አጠፈ።
በእጅ አልሰጡም። በቅል ውኃ ሞልተው
ድንጋይ ላይ አኖሩ፤ ራቅ ብለው ቆሙ፣ አፋቸውን በጋቢ ይዘው።»
«ጠጡ?» አልኩት።
«እኔ እዚያ ነበርኩ እንዴ? ሲነጋ ቅሉ ባዶ ነበር፤
ጅብም እኮ ይጠጣል» አለና በጫማው ጫፍ ፍሙን ሰበሰበ።

ወደ ላይ ወጣሁ። በገጹ ኅዳግ፣
ከሺሁ ቁጥር ትይዩ፣ በእርሳስ ጻፍኩ፦ አስካለ።
ከሥሩ ሁለት መስመር ባዶ ተውኩ፤
አክስቴ ዱከም ናት፣ ጆሮዋ ከብዷል፣ ግን ምናልባት ከእኔ የተሻለ
ቁጭ ብላ ሰምታ ይሆናል። ነገ እደውላለሁ።

ከዚያ አንድ ሃይላንድ ውኃ ሞልቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣
ከደረጃው ሥር አኖርኩት፤ ራቅ ብዬ አየሁት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ።
ኮሚቴው ነገ ያነሣዋል።
ወይ ጋሽ ቶሎሳ ሌሊት ይጠማው ይሆናል።