አራት ክር የጎደለው

ያቺ አሥራ ሰባተኛዋ፣ የሽመናው ክፍል አሮጊት፣
ሞተሯ ተነቅሎ ለቁራሌው የወጣች ዕለት፣
የሜትር ቆጣሪዋ ፊቷ ላይ እንደቆመ፣
ጋሽ ይመር መነጽሩን ጠርጎ አነበበ፤ ደገመ።
በሲጋራ ባኮ ጀርባ፣ በእርሳስ ቁራጭ ጻፈ፤
ዘበኛው በሩ ላይ ኪሱን ዳብሶ አሳለፈ፣
ክር እንጂ ቁጥር መስረቅ አልተከለከለም።

አንድ ሚሊዮን
ሃያ ሁለት ሺህ
አንድ መቶ አሥራ ሰባት
ሜትር። ለሙሽራ አንሶላ፣ ለተማሪ ሸሚዝ፣ ለሟች ከፈን፣
ኮምቦልቻ የለበሰችውን፣ ኮምቦልቻ የቀበረችበትን።

ጡረታ ሲወጣ ቁጥሩም አብሮት ወጣ፤
"ሀብት ካልተካፈለ" አለ፣ "ምን ሊረባ መጣ?"
ለሁለት ቢሰጠው፣ ጎዶሎ ነው፣ አልተገመሰም፤
ለሦስት ቢሰጠው፣ የአሃዞቹ ድምር አሥራ አራት፣ አልደረሰም፤
ለሰባት ሲያድለው አምስት ተረፈ፣
ለአሥራ ሦስት ቢያድለው ያው አምስት፣ እንደ ተለከፈ።
በብቸኞቹ ቁጥሮች እየተራመደ፣ ክረምቱን ሁሉ፣
ቦርከና ሞልቶ እስኪጎድል፣ ሁለት ደብተር ሙሉ፣
ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ላይ እጁ ዛለ።
"ዘሃራ፣ ይሄ ቁጥር ራሱ ብቸኛ ነው" አለ።

የሰባተኛ ክፍል መጽሐፋችንም እንዲያው ነው የሚጠራው፣
ከአንድና ከራሱ በቀር የለም የሚያካፍለው።
እትዬ ከድጃ ካረፈች ሁለተኛ ክረምቱ ነበር፤
ስለ ቁጥሩ ይሁን ስለ ቤቱ፣ አልጠየቅሁትም ነገር።

መብራት በጠፋ ማታ በስልክ ብርሃን እኔም ሞከርኩት፣
ከታች አይደለም፣ ከላይ፤ ከዳግም ዘሩ ጀመርኩት።
አንድ ሺህ አሥራ አንድ በራሱ ቢባዛ
ሙሉ ጋቢ ይወጣዋል፤ የኛው ቁጥር ግን
ከዚያ በአራት ያንሳል።
በአራት ብቻ።
አራት ሁለት በሁለት አይደል?
ሁለት ቀነስኩ፤ ሁለት ጨመርኩ፤

አንድ ሺህ ዘጠኝ።
አንድ ሺህ አሥራ ሦስት።

አባዛሁ፤ መጣ። ደግሜ አባዛሁ፤ መጣ።
ጋሽ ይመር ከቆመበት ቀጥሎ ያለው ብቸኛ
አንድ ሺህ ዘጠኝ ነበር። አንድ እርምጃ።

ጠዋት፣ የደሴ ጉም በሀረጎ ሲወርድ፣ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።
"ብቸኛስ አይደለም፤ ሁለት ብቸኞች ናቸው የሸመኑት" አልኩ፣
"ድሩ አንድ ሺህ ዘጠኝ፣ ማጉ አንድ ሺህ አሥራ ሦስት።
ፍጹም ግን አይባልም፤ ከራሱ በታች ያሉ አካፋዮቹ ቢደመሩ
ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ብቻ ናቸው፤
ምድቡ ከጎደሎዎች ነው።"

ሠላሳ ዓመት ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ጉድለት ያለበትን ጨርቅ
በቀይ ጠመኔ የሚከብብ፣ ፈረቃውን ሁሉ የሚያስጨንቅ።
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሣ፣ ብርሃን እንዲያልፍበት፣
ዳር ዳሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ እንደ ጨርቅ ጠርዝ።
አንድ ሺህ ዘጠኝ ላይ ጣቱ ቆመ። ብዙ ቆየ።
ከዚያ ቀና ብሎ፦

"ይህቺ አራት የጎደለችው
በማን ፈረቃ ነው?"