አራት ጨዋታ

የፋብሪካው መዝገብ፣ ገጽ አርባ ሁለት፣
አይጥ ጠርዙን በልታው፣ ዘይት የነካበት፣
እንዲህ ይላል ብቻ፦
«ጦይብ አራጋው፣ ከፈትል ክፍል።
አራት ጨዋታ። በጨዋታ ስምንት ብር።
ሒሳቡ ተዘጋ።»
አውራ ጣት በቀለም።
ሌላ ነገር የለም።

ኳስ ተጫውቶ ብር! ማን ሰምቶ ያውቃል?
እናቱም ሳይቀሩ «ልጄ ከየት ሰርቋል?»
ብለው፣ ስምንቷን ብር በመሐረብ ቋጥረው፣
ከዘበኛው ፊት ቆሙ፣ ሊመልሱ፣ አፍረው።

የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ብቻ ነበር።
ሁለተኛው ደሴ። ሐረጎን ስንዞር፣
በጭነት መኪና፣ ስንቱን ሲያስመልሰው፣
እሱ ቆሞ ወጣ፣ ንፋሱን ሲቀምሰው።
ሆጤ ሜዳ ላይ ነው፣ ጦሳ በጉም ታፍኖ፣
ኳሷ እግሩ ሥር ገብታ፣ እንደ ጥጃ ታምኖ፣
ከመሀል ተነሥቶ፣ ሦስት ሰው አልፎ፣
በረኛውን በዓይኑ ወደ ቀኝ አሳርፎ፣
በግራ አስገባት።
የደሴው ደጋፊ ቆቡን አውልቆ ጣለ፤
አንድ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነው?» አለ።

ሦስተኛውን እንኳ እኔም አላስታውስም፤
አቻ ይመስለኛል፤ ግን አልምልበትም።

አራተኛው እዚሁ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ከብት የዋለበት ሜዳ፣ በሰኮና ጎድጉዶ።
ማንም አልጠለፈው፣ ማንም አልገጨውም፤
ብቻውን ሲዞር ነው፤ ጉልበቱ አልዞረም።
ከተጠባባቂ ወንበር ሆኜ ሰማኋት፤
በሌሊት ፈረቃ፣ ማሽን ላይ የማውቃት፣
ክር ሲበጠስ የምትል፣ ያቺው «ቀጭ» ናት።

ቃሬዛ አልነበረም፤ በበር ሳንቃ ወሰዱት።
አሰልጣኙ ዞሮ «አንተ፣ ልበስ!» አለኝ፤
ማሊያው ከነላቡ፣ ትኩሱን ደረሰኝ።
ሰባት ቁጥር።
እውነቱን ልናገር፣ ዕድሜም ገፋ ዛሬ፦
ደስ ብሎኝ ነበረ።

ወጌሻው አሽቶ «ዓርብ ትነሣለህ» አለው፤
ስንት ዓርብ አለፈው።
እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ሮጥኩበት በቁጥሩ፤
ሰዓት ተሸለምኩኝ፤ ፎቶዬም፣ ከነክብሩ፣
ቢሮ ተሰቅሏል፣ ከካላንደሩ ጎን።
የእሱን ፎቶ ያነሣ ሰው አልነበረም ያን ቀን።

አሁን ትኬት ይቀዳል፣ በስታዲየሙ በር፣
አንድ እግሩን ዘርግቶ፣ በሣጥን ወንበር።
ባለፈው እሑድ እጄን በትኬት ዘረጋሁ፤
አልቀደደውም። ቀና ሲል አየሁ።
«እለፍ» አለኝ፣ «ግባ፣ ሰባት ቁጥር።»
ማንን እንደጠራ
ዞሬ አይቼ ነበር።