ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ

መጋቢት ገባ። የወሩን ዜና በካርቶን ክዳን ላይ ጻፍኩት፣
የደረቀውን ማርከር በትንፋሼ እያሞቅኩት፤
በሩ ላይ በአራት ሚስማር መታሁት።

«ለሠራተኞች በሙሉ።
አንደኛ፦ ሦስት ካርቶን መጻሕፍት ከደብረ ብርሃን ደርሰዋል፤
ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ ጣርማ በር፣ በጉም ርሰዋል።
ሁለቱ ከሰል ዳር ተሰጥተው ነፍስ ዘርተዋል፣
ሦስተኛው ግን አብጧል፣ ገጹ ከገጹ ተጣብቋል፤
ስለ ሳንባ ምች የሚያስተምረው ነበር፣ እሱኑ ብርድ መቶታል።
ሁለተኛ፦ የመድኃኒት መጠን ሰንጠረዡ ተለውጧል፤
አሮጌውን አትመኑት፣ የኔን ጠጉር ያህል ሸምግሏል።
ሦስተኛ፦ ኮምፒዩተሩ መብራት ሲኖር ይሠራል።
መብራት ሲጠፋ እኔ አለሁ፤
የት እንዳለ ባላውቅ፣ የት እንደሌለ አውቃለሁ።
አራተኛ (ይህን በቀይ)፦ ከአረንጓዴው መጽሐፍ፣
የከሱ ሕፃናት አመጋገብ ካለበት ምዕራፍ፣
ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ የለም። የቀደደው እጅ ይመልስ፣
በእግሬ መጥቼ ሳልደርስ።»

ቤተ መጻሕፍት ይሉታል። በፊት የአንሶላ ክፍል ነበር፤
ዛሬም ከመደርደሪያው የሳሙና ሽታ አይቀር።
ወንበሩ ሦስት ነው፣ አንዱ እግሩ ሰባራ፣
እኔ ስወጣ በርኖሴን ለብሶ ቤቱን የሚጠብቅ በተራ።
የመሐል ሜዳ ነፋስ በቁልፉ ቀዳዳ ይገባል፣
ገጽ ሲገልጥ ያመሻል፤
ከሁላችን ይልቅ እሱ አንብቧል።

መዝገቤ ግን ሌሊትም ያውቃል።
«ዶክተር ፍሥሐጽዮን። ስለ ጨቅላ ሕፃናት እስትንፋስ። ወጪ፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።»
«ተመላሽ፦ ዘጠኝ ተኩል።»
በዚያች ሰዓት ተኩል ውስጥ ምን እንደሆነ መዝገብ አይናገርም።
መጽሐፉን ጠዋት ስገልጠው የአውራ ጣት ላብ ጠርዙ ላይ አለ፤
ከሥሩ በእርሳስ አንዲት ቃል፦ «አለቀሰ»።
ሕፃኑ ይሁን ሐኪሙ፣ አልተገለጸም፤
እኔም ላጲስ አላነሣሁም።

ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ባራተኛው መነጽሬን ወለወልኩ፣
ማኅተሜን ኪሴ ከተትኩ፣
እንደ ግብር ሰብሳቢ ከክፍል ክፍል ዞርኩ።
ፋርማሲው «እኔን ነው?» አለ። ላብራቶሪው ሳቀ።
ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው ማለ፣
«ከመንጃ ፈቃዴ በቀር ያነበብኩት የለ።»

ተኝተው ከሚታከሙት ክፍል፣ ከአልጋ ሰባት ራስጌ፣
ግድግዳው ላይ በፕላስተር ተለጥፋ አገኘኋት ገጼን።
ዳሯ ወተት ጠጥቷል፣ መሀሏ በጣት ተዳብሷል፤
ክብደት በኪሎ፣ ወተት በሚሊ ሊትር፣ ሰዓት በሰዓት ተደርድሯል።
ከጎኗ በእስክሪብቶ የተጨመረ ዓምድ፦
ጠጣ። ጠጣ። ተፋ። ጠጣ።
ሲስተር አጸደወይን ጫማዋን ታያለች።

ለሦስት ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ።
ወይዘሮ ይርገዱ፣ የግሼዋ እናት፣ ቀደመችኝ፦
«ጌታዬ፣ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይቺን ግን ለምጃታለሁ።
ይቺ መሥመር ትናንት ናት። እዚች ላይ ዛሬ ነን።
ያቺ ደግሞ፣» ጣቷን ዝቅ አድርጋ፣ «ገና ያልደረስንባት።»
እሸቴ፣ ሁለት ዓመቱ፣ ክንዱ እንደ ጣቴ፣
ከባናው ሥር አየኝ፤ ትልልቅ ዓይኖች፣
ዕዳ የሚጠይቁ ዓይነት፣ እኔን፣ የመጻሕፍት ዘበኛን።

ማኅተሜን አወጣሁ። ቀለሙ ደርቋል።
ሁለቴ ተነፈስኩበት፣ የገጿ ጥግ ላይ ጫንኩት፤
እጄ ተንቀጥቅጦ ይሆናል፣
ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ አርፏል፦
«የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት»።
ይሁን። ግድግዳውንም መዝግበናል።

ማታ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ተዋሽ፣ እሸቴ።
የመመለሻውን ቀን ባዶ ተውኩት።

በበሩም ላይ፣ ከቀዩ ጽሑፍ በታች፦
«አራተኛው ማስታወቂያ ተሰርዟል።
ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድን የፈለገ አልጋ ሰባት ይሂድ፤
እጁን ታጥቦ፣ በሩን ቀስ አድርጎ፣
ልጁ ጠጥቶ ተኝቷል።»